ተማሪው፣ ቤተ ሰቡና ትምህርት ቤቱ
የክሊኒካል ሳይኮሎጂና የቤተ ሰብ ሕክምና ዋና ዋና ጽንሰ ሐሳቦች በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ሲታዩ

መግቢያ

አንድ ተማሪ ትምህርቱን ድንገት ቸል ሲል፣ ከጓደኞቹ ጋር ጠበኛ ሲሆን ወይም በክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ሲቀመጥ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በእርሱ ላይ ብቻ ይጣላል። ሰነፍ፣ ባለጌ ወይም ግትር የሚል ስም ይወጣለታል። ስሙ ከወጣለት በኋላ ደግሞ የችግሩን ምንጭ የሚመረምር አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ የተባለው የሥነ ልቡና ዘርፍና ከእርሱ ጋር ያደገው የቤተ ሰብ ሕክምና እንዲህ ያለውን ጠባይ እንዴት እንደሚረዱት፣ ይህም ዕውቀት በወልቂጤ፣ በቡታጅራና በአካባቢያቸው ለሚያስተምሩ መምህራን ምን እንደሚጠቅም ማስረዳት ነው።

ዘርፉ ለመምህራን ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1896 ላይትነር ዊትመር በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሥነ ልቡና ክሊኒክ ሲጀምር፣ መነሻ የሆነው አንዲት የፊላደልፊያ መምህርት ያመጣችው የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ ቃላትን በትክክለኛ ፊደላቸው መጻፍ ተስኖት ነበር። ዊትመር ሲመረምረው ከችግሩ ምክንያቶች አንዱ የዐይን ጉድለት ሆኖ ተገኘ። ሰነፍ ሊባል ይችል የነበረው ልጅ መነጽር የሚያስፈልገው ሆነ። ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት፣ ምርመራ ከፍርድ መቅደም እንዳለበት ነው።

1. በግለሰቡ ላይ ያተኮሩ ንድፈ ሐሳቦች

መልሱን እያወቀ እጁን የማያወጣ፣ ሲጠየቅም የሚንቀጠቀጥ አንድ ተማሪ እንውሰድ። የተለያዩ ጠበብት ይህንኑ ተማሪ በተለያየ መንገድ ይመለከቱታል።

ሲግመንድ ፍሮይድና ተከታዮቹ ፍርሃቱ ልጁ ራሱ ከማያውቀው የውስጥ ግጭትና ከልጅነት ገጠመኙ የመነጨ ነው ይላሉ። የባሕርይ ንድፈ ሐሳብ አራማጆች፣ ከእነርሱም ፓቭሎቭና ስኪነር፣ ጠባይ በልምድ የሚገኝ ነው ብለው ያስተምራሉ። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት ልጁ አንድ ቀን ተሳስቶ ተስቆበት ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ማለቱ ከኀፍረት ስላዳነው ዝምታውን አጽንቶ ይዞታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሮን ቤክ ያስፋፋው የአስተሳሰብ ሕክምና ደግሞ በልጁ አእምሮ ውስጥ «ከተሳሳትሁ ሁሉም ይንቀኛል» የሚል የተጋነነ ሐሳብ ይፈልጋል። ጆን ቦውልቢም ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር ያለው የጸና ትስስር አዲስ ነገር የመሞከር ድፍረት እንደሚሰጠው አስረድቷል።

እነዚህ አስተሳሰቦች ቢለያዩም በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ይኸውም ችግሩን በአንድ ሰው ውስጥ፣ ወይም በአንድ ሰውና በገጠመው ነገር መካከል መፈለጋቸው ነው። የቤተ ሰብ ሕክምና ግን ጥያቄውን አስፍቶ ይጠይቃል።

2. ከግለሰብ ወደ ቤተ ሰብ

እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ አንዳንድ ሐኪሞች፣ በሕክምና ተሽሎት የነበረ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ እንደገና ሲታመም ተመለከቱ። ከዚህም የተነሣ ቤተ ሰብን እንደ አንድ የተያያዘ ሥርዓት ማየት ጀመሩ። በሥርዓት ውስጥ አንዱ ሲነካ ሁሉም ይነካል። ምክንያትና ውጤትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄዱም። ጄራልድ ፓተርሰን እንዳሳየው፣ እናት ስትቈጣ ልጅ ይጮኻል፤ ሲጮኽ እናት ትተወዋለች፤ በዚህም ልጁ መጮኽ እንደሚጠቅም፣ እናቲቱም መተው ጸጥታ እንደሚያመጣ ይማራሉ። ማን እንደ ጀመረው መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ የሚያስፈልገው ክቡን መስበር ነው።

መሬይ ቦወን በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ሲሠራ ሕመምተኞችን ከነቤተ ሰባቸው ሆስፒታል አስገብቶ አጥንቷል። ከጽንሰ ሐሳቦቹ አንዱ «ሦስት ማዕዘን» የተባለው ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉና ጭንቀታቸው ሲበዛ ሦስተኛ ሰው ወደ መካከላቸው ይስባሉ። ባልና ሚስት በቀጥታ የማይነጋገሩትን በልጃቸው በኩል ሲነጋገሩ፣ ልጁ የማይችለውን ሸክም ይሸከማል። ሸክሙም በትምህርት ቤት ራስ ምታት ወይም ጠብ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ሳልቫዶር ሚኑቺን በኒው ዮርክ አጠገብ በነበረው በዊልትዊክ የወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ከድኻ ቤተ ሰብ ከመጡ ልጆች ጋር ከሠራ በኋላ፣ የቤተ ሰብን አወቃቀር የሚመለከት ንድፈ ሐሳብ አቀረበ። ዋናው ጽንሰ ሐሳቡ ወሰን ነው። ወላጆች እርስ በርሳቸው፣ ልጆችም እንዲሁ የየራሳቸው ክልል አላቸው። ወሰኑ ከጠነከረ ሰው ከሰው ይራራቃል፤ ከላላ ደግሞ ማን ወላጅ፣ ማን ልጅ እንደ ሆነ ይጠፋል። የጉራጌን መንደር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እያንዳንዱ ቤት የራሱ አጥርና ደጅ አለው፤ በፊቱ ደግሞ ጀፎረ የተባለው ሰፊ የሣር ጎዳና የሁሉም ሆኖ ይዘረጋል። ደጁ ይከፈታል፣ ይዘጋልም። ጤናማ የቤተ ሰብ ወሰንም እንዲሁ ነው።

3. የአካባቢው ቤተ ሰብ አኗኗር

ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ቀድሞ በዚሁ ዞን ሥር የነበረችው ቡታጅራም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል እ.ኤ.አ. በ2023 ከተመሠረተ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። የአካባቢው ወንዶች ለንግድና ለልዩ ልዩ ሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች መሄዳቸው የቈየ ልማድ ነው። አባት ከተማ ይሠራል፤ ለመስቀል፣ ሙስሊም ከሆነም ለአረፋ፣ ወደ አገሩ ይመለሳል። እናት እንሰቱንና ልጆቹን ይዛ ትቈያለች።

እንዲህ ባለ ቤት ያደገ የ13 ዓመት የበኩር ልጅ እናስብ። ታናናሾቹን ይቈጣጠራል፤ እናቱ ስለ ገንዘብ ታማክረዋለች። በቤቱ እንደ አባወራ ሆኖ ይውላል፤ በትምህርት ቤት ግን ከሌሎች ልጆች እንደ አንዱ ታዘዝ ይባላል። በመስከረም አባቱ ሲመጣ ከሥልጣኑ ይወርዳል፤ አባቱ ሲሄድ ይመለስበታል። መምህሩ የሚያየው ከመስቀል በኋላ የባሰበትን እምቢተኛነት ብቻ ነው።

ሚኑቺን በበኩሉ ልጅ የወላጅን ሥራ መርዳቱ በራሱ ጉዳት ነው አላለም። ሰፊ ቤተ ሰብ ባለበት፣ ወይም አንዱ ወላጅ በሌለበት ቤት ይህ የተለመደና ጠቃሚ ነው። የሚጎዳው ሥልጣኑ ወሰን ሲያጣ ነው። ስለዚህ መፍትሔው የአባትን መራቅ መንቀፍ ሳይሆን፣ አባትና እናት በስልክም ቢሆን ተነጋግረው የልጁ ኀላፊነት እስከ የት እንደሚደርስ እንዲወስኑ፣ ለጥናትና ለጨዋታም ጊዜ እንዲተዉለት ማድረግ ነው።

ቤተ ሰብን በአንድነት አስቀምጦ ማነጋገር ለአካባቢው አዲስ ነገር አይደለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌዎች ሁለቱንም ወገን ይሰማሉ፤ የሰባት ቤት ጉራጌም የጆካ ቅጫ በተባለው ባህላዊ ሕጉ ይታወቃል። ልዩነቱ፣ ሽማግሌ ነገሩን ሰምቶ ይፈርዳል ወይም ያስታርቃል፤ የቤተ ሰብ ሐኪም ግን አይፈርድም፤ የቤተ ሰቡ አባላት የሚነጋገሩበትን መንገድ እንዲለውጡ ይረዳል።

4. ቤተ ሰብን ከመውቀስ ወደ መደገፍ

ይህ ዕውቀት በጥንቃቄ ካልተያዘ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1956 ግሪጎሪ ቤትሰንና ባልደረቦቹ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም እርስ በርሱ ከሚጋጭ የቤተ ሰብ ንግግር ጋር የተያያዘ ነው የሚል አሳብ አቀረቡ። በዚያ ዘመን ብዙ እናቶች የልጆቻቸው ሕመም ምክንያት ተደርገው ተወቀሱ። በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ግን ቤተ ሰብ የሕመሙ ፈጣሪ መሆኑን አላረጋገጡም።

ከዚያ የተሻለውን መንገድ ያመለከተው የጆርጅ ብራውንና የባልደረቦቹ የ1972 ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከሆስፒታል የወጡ 101 ሕመምተኞችን ተከታተሉ። ነቀፋ፣ ጥላቻ ወይም ከልክ ያለፈ ጭንቀት ወደሚበዛበት ቤት ከተመለሱት ውስጥ 58 በመቶ የሚሆኑት በ9 ወር ጊዜ ውስጥ ሲያገረሽባቸው፣ ወደ ረጋ ቤት ከተመለሱት ያገረሸባቸው 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትርጉሙም ቤተ ሰብ በሽታውን ባይፈጥርም የማገገሙን ሂደት ይወስናል ማለት ነው። ስለዚህ ቤተ ሰብ ስለ ሕመሙ ትምህርትና ድጋፍ ሊያገኝ ይገባል።

ይህ ጉዳይ ለአካባቢው ሩቅ አይደለም። ቡታጅራ በዓለም የታወቀ የአእምሮ ጤና ጥናት የተካሄደባት ቦታ ናት። እ.ኤ.አ. በ1986 የተመሠረተውን የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም መሠረት በማድረግ፣ ከ1998 ጀምሮ ዕድሜአቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 68,378 ሰዎች ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ተጠይቀዋል። በ2001 በወጣ ሌላ ጥናት ከሕመምተኞች ዘመዶች 178ቱ ሲጠየቁ፣ 75 በመቶው በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል፤ 37 በመቶው ደግሞ ነገሩን መደበቅ እንደሚፈልጉ ገልጸዋል። ስለዚህ ስለ ቤቱ ምንም የማይናገር ተማሪ ምናልባት ቤተ ሰቡ የሰጠውን ምስጢር እየጠበቀ ይሆናል።

በሶዶ ወረዳ የተደረገ ጥናት ደግሞ ቤተ ሰቦች የታመመ ዘመዳቸውን በሰንሰለት የሚያስሩት ከጭካኔ ሳይሆን፣ በአብዛኛው ሕክምናና እርዳታ በማጣት መሆኑን አሳይቷል። በዚያው ወረዳ በ48 ቀበሌዎች ተካሂዶ በ2022 ውጤቱ የታተመው ሙከራ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን 166 ሰዎች የሚመለከት ነበር። ከጤና ጣቢያ ሕክምና በተጨማሪ፣ የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ሠልጣኞች ሕመምተኛውንና ቤተ ሰቡን በየቤታቸው እየጎበኙ ሲደግፏቸው፣ ሕመምተኞቹ በዕለት ኑሮአቸው የሚገጥማቸው እክል ቀንሷል። ዶክተር በማይበዛበት አገር ይህ ትልቅ ተስፋ ነው።

5. ከመምህሩና ከዕቅድ አውጪው የሚጠበቀው

መምህር ሐኪም አይደለም፤ ሐኪም ሊሆንም አይጠበቅበትም። ነገር ግን ልጁን በየዕለቱ የሚያይ እርሱ ስለሆነ፣ የሚከተሉትን ማድረግ ይችላል።

ሀ/ ስም ከመስጠት በፊት መመዝገብ፦ ጠባዩ መቼ፣ ከማን ጋር፣ ከምን በኋላ እንደ ታየና ምን እንዳስከተለ በአጭሩ መጻፍ።

ለ/ አካልን ማስቀደም፦ ልጁ በደንብ እንደሚያይ፣ እንደሚሰማ፣ በልቶና ተኝቶ እንደሚመጣ ማረጋገጥ።

ሐ/ ወላጅን በክብር ማነጋገር፦ «ልጅዎ አስቸገረን» ብሎ ከመጀመር፣ «በቤት እንዴት ነው? እኛስ ምን ብናደርግ ይሻላል ይላሉ?» ብሎ መጠየቅ። ከአባትና ከእናት አንዱን በሌላው ላይ ማስነሣት መምህሩን ራሱን የሦስት ማዕዘኑ አካል ያደርገዋል።

መ/ ምስጢር መጠበቅ፦ ስለ ቤተ ሰቡ የሰማውን በመምህራን ክፍል አለማውራት።

ሠ/ ወሰንን ማወቅ፦ ተማሪው መሞትን ሲመኝ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሲሰማ፣ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ወይም በቤት እንደሚደበደብ ምልክት ሲታይበት ጉዳዩን ሳይዘገይ ለርእሰ መምህሩ ማሳወቅ፤ ከጤና ጣቢያና ከሚመለከተው አካልም ጋር ማገናኘት።

ዕቅድ አውጪዎችም በበኩላቸው ሁለት ነገር ሊያስቡበት ይገባል። አንደኛው፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የሚሰጠው የሥነ ልቡና ትምህርት ከመማር ንድፈ ሐሳብ አልፎ ቤተ ሰብንም እንዲያካትት ነው። ሁለተኛው፣ በትምህርት ቤቱና በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ መካከል የታወቀ የመላኪያ መንገድ እንዲዘረጋ ነው። በሶዶ እንደ ታየው፣ በአጭር ጊዜ የሠለጠነና ክትትል የሚደረግለት ሰው ብዙ ይሠራል። መንገዱ ከሌለ ግን በጎ አሳቢ መምህርም ቢሆን ችግሩን አይቶ ከማዘን በቀር የሚያደርገው አይኖርም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘሩት ንድፈ ሐሳቦች አንዳቸው ብቻ ሙሉ መልስ አይሰጡም። ሁሉም በአንድነት የሚያስተምሩት ግን ግልጽ ነው። የተማሪ ጠባይ መልእክት አለው፤ መልእክቱም የሚነበበው ልጁን ከቤቱ ሳይነጥሉ፣ ቤቱንም ሳይወነጅሉ ሲመለከቱት ነው። ይህን የሚያደርግ ትምህርት ቤት ከተማሪው ጋር ወላጁንም አጋር አድርጎ ያገኘዋል።