የጉድጓድ ውሃና የአማካይ ቁጥር ተንኮል

ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ውሃ እንደ መስተዋት የጠራ፣ ሽታም የሌለው ሲሆን ጠጪውን አያስጠረጥርም። ነገር ግን እያሳሳቀ የሚወስደው ውሃ የወንዝ ብቻ አይደለም፤ በጉድጓድም ውስጥ አለ።

በስምጥ ሸለቆአችን ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ድንጋይ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይለቃል። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ሲል፣ በዚያ አካባቢ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች ተገኝተዋል። ይህን ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ መጠኑ ሲበዛና ዘመኑ ሲረዝም ደግሞ አጥንትም ይጎዳል። ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው ተንኖ ሲቀንስ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራልና።

እንግዲህ አንድ ውሃ ለመጠጥ መብቃቱ በምን ይታወቃል? ቤተ ሙከራው ናይትሬቱን፣ ክሎራይዱን፣ ሰልፌቱን፣ ሶዲየሙንና ፍሎራይዱን ለየብቻ ለክቶ ብዙ ቁጥር ይሰጣል። ይህን ሁሉ በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ ለመመዘን፣ ሆርተን የተባለ አሜሪካዊ በ1965 እ.ኤ.አ. የውሃ ጥራት ማውጫ ስሌት አቀረበ፤ ከእርሱም በኋላ ብዙዎች ተከተሉ።

ከስሌቶቹ ሁሉ ቀላሉ፣ የተለካውን መጠን ለተፈቀደው መጠን አካፍሎ አማካዩን መውሰድ ነው። ውጤቱ ከ1 ካልበለጠ ውሃው ያልፋል። ለምሳሌ ያህል የአራቱ ንጥረ ነገሮች ውጤት 0.2፣ 0.2፣ 0.3 እና 0.3 ነው እንበል። ፍሎራይዱ ግን 6 ሚሊግራም ሆኖ ለ1.5 ሲካፈል 4 ይሆናል። ድምሩ 5፣ ለአምስት ሲካፈል 1! ከተፈቀደው አራት እጥፍ የሆነው ፍሎራይድ በአራቱ ንጹሐን ጀርባ ተሸሽጎ አለፈ ማለት ነው።

በነመሮ ስም የሚጠራው ስሌት ግን ይህን ተንኮል ያውቃል። አማካዩንና ከሁሉ የከፋውን ቁጥር እያንዳንዱን በራሱ አባዝቶ ይደምራል፤ ድምሩን ለሁለት ከፍሎም ካሬ ሥሩን ያወጣል። በምሳሌያችን 1 እና 16 ተደምረው 17፣ ለሁለት ሲከፈል 8.5፣ ሥሩም 2.9 ገደማ ይሆናል። ጉዳቱ አሁን በግልጽ ታየ።

ሂሳብ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ስለዚህ ነገ በአንድ ወረዳ የውሃ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የጉድጓድ መረከቢያ ሰነድ የሚፈርም ወጣት፣ «አማካዩ ስንት ነው?» ከማለቱ አስቀድሞ «ከሁሉ የከፋው የትኛው ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። አንድ ጊዜ የበለዘውን የልጅ ጥርስ፣ ኋላ የታረመ ሂሳብ አያነጣውም።