ስልኩ የትኛው ሞያሌ ነው ያለው?

አካባቢን መሠረት ያደረገ የስልክ መተግበሪያ የሚባለው ተጠቃሚው ያለበትን ቦታ ለይቶ ለዚያው ቦታ የሚስማማ መረጃ፣ ጥቆማ ወይም ጨዋታ የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው። ስልኩ የት እንዳለ የሚያውቀው በዋናነት ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሲሆን፣ ቢያንስ ከአራቱ ምልክት ሲደርሰው ምልክቶቹ በመንገድ የወሰዱትን ጊዜ አስልቶ መገኛውን ያወጣል፤ ሰማዩ ባልተከለለበት ሜዳ ስሕተቱ አምስት ሜትር ገደማ ነው። ጣሪያ ሥር ሲገባ ደግሞ የኔትወርክ ማማዎችና የዋይፋይ ምልክቶች ያግዙታል።

ይህን ዘዴ ተማሪዎችንና እንግዶችን ለመሳብ ማዋል የተስፋፋው ፎርስኩዌር የተባለው መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ከወጣ በኋላ ነው። ተጠቃሚው የደረሰበትን ቦታ በስልኩ ያስመዘግባል፣ ይህም «ቼክ ኢን» ይባላል፤ ደጋግሞ የመጣው ደግሞ የዚያ ቦታ «ከንቲባ» ተብሎ ይሾማል። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ2010 መጀመሪያ ላይ ግቢውን በዚሁ መተግበሪያ ማስተዋወቅ ሲጀምር ሌሎችም ተከተሉት። ሆኖም የቡና ቤት ከንቲባነት ብዙ የሚያቆይ ሹመት አልሆነም፤ የፎርስኩዌር የከተማ መመሪያ መተግበሪያም በ2024 ማብቂያ ተዘግቷል። በቼክ ኢን ነጥብ ማከማቸት ሰውን አንድ ጊዜ ያመጣዋል እንጂ፣ ቦታው ላይ ሲደርስ የሚነበብ፣ የሚሰማ ወይም የሚጠቅም ነገር ካላገኘ ስልኩን ወደ ኪሱ ይመልሳል።

መገኛን ማወቅና ቦታን ማወቅ የተለያዩ መሆናቸው እንደ ሞያሌ ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ ጥቂት ነው። የኬንያዋ ሞያሌ በማርሳቢት ካውንቲ ሰሜናዊ ጫፍ የምትገኝ፣ ከኢትዮጵያዋ ሞያሌ የድንበር መስመር ብቻ የሚለያት ከተማ ስትሆን፣ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከኬንያዋ ኢሲዮሎ የሚመጣው መንገድ አስፋልት ከለበሰና የጋራው የድንበር ኬላ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. በሁለቱ አገሮች መሪዎች በይፋ ከተመረቀ ወዲህ፣ መንገደኛው የመውጫውንም የመግቢያውንም ጉዳይ በሚገባበት አገር በኩል ባለው አንድ ኬላ እንዲጨርስ ታስቧል።

እዚያው ኬላ አጠገብ የቆመ ስልክ ግን እንደ መንገደኛው ሥርዓት አይጠብቅም። ባለቤቱ ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ ከወዲያኛው አገር ማማ የሚመጣው ምልክት ከበረታ ስልኩ ወደዚያው ኔትወርክ ሊዞርና በውጭ አገር የአገልግሎት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። መተግበሪያ ሠሪዎች «ጂኦፌንስ» የሚሉት፣ ስልኩ ሲገባበት መልእክት የሚልክ ምናባዊ አጥርም እዚህ ይቸገራል፤ በአንድ ኮሌጅ ዙሪያ በካርታ ላይ የተሳለ ክብ ድንበሩን አልፎ የሌላ አገር ሱቆችን ሊያቅፍ ይችላልና። በኬንያ መኪና ግራውን፣ በኢትዮጵያ ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ አቅጣጫ የሚመራው መተግበሪያ መስመሩን ሲሻገር ጎኑን መቀየሩን ካላሳሰበ፣ በተለይ ለእንግዳ ሹፌር፣ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ከሁሉ የሚያስገርመው ሰዓቱ ነው። ሁለቱ አገሮች አንድ የሰዓት ክልል ስላላቸው የስልኩ ሰዓት ድንበር ሲሻገር አይለወጥም፤ ስልኩ 9:00 ብሎ ያሳያል፣ አማርኛ ተናጋሪው «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» ይላል፣ ስዋሂሊ ተናጋሪውም «ሳ ታቱ» ሲል ያው ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው። ቀኑን ከፀሐይ መውጫ በመቁጠር የሚስማሙት ጎረቤታሞቹ ሆነው ሳለ፣ ለአዲስ ተማሪ የትምህርት ማስጀመሪያ ሰዓት የሚያስታውሰው መተግበሪያ ብቻውን የሌላ ዓለም ሰዓት ይናገራል። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ በአንድ ገበያ በሚሰሙበት ከተማ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ማስታወቂያም ብዙ አንባቢ አይጠብቅ።

የሰውን መገኛ ለሌሎች ማሳየት ሌላ ሥጋት አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ድረ ገጽ ሰዎች ራሳቸው ያስመዘገቡትን መገኛ ሰብስቦ ቤታቸው ባዶ መሆኑን ለሌባ ጭምር እንደሚነግር በምፀት አሳይቶ ነበር። በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያዋ ሞያሌ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ግድያን ሸሽተው ወደ ኬንያ በተሻገሩባት ከተማ፣ የትኛው ተማሪ የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ከሌባም በላይ ያሳስባል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥተዋል፤ ቢሆንም መገኛን ማጋራት ተጠቃሚው ራሱ ካልከፈተው በቀር ከመጀመሪያው የተዘጋ ሆኖ መሠራቱ ይበጃል።

የአካባቢው ሰው የሚፈልገውን የሚያቀርብ መተግበሪያ ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አፍሪስካውት የተባለው በኢትዮጵያና በኬንያ ለአርብቶ አደሮች የቀረበ ሲሆን፣ የሣርና የውኃ ሁኔታን ከሳተላይት እያነበበ በማኅበረሰቡ የግጦሽ ክልል ካርታ ላይ ያሳያል፤ እረኛውም በሽታ ወይም ሌላ አደጋ ያየበትን ቦታ ምልክት አድርጎ ሌላውን ያስጠነቅቃል። እዚህ ላይ ሹመትም ነጥብም የለም፤ ከብቱን ወዴት እንደሚነዳ የሚጠይቅ ሰው ብቻ አለ።

ተማሪዎች ለእንግዳ የሚሠሩት መተግበሪያ ከዚህ ቢማር ሀብቱ ቅርብ ነው። ከሞያሌ ወደ ያቤሎ በሚወስደው መንገድ ባለችው ዱብሉቅ፣ ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ የቦረና ጉድጓዶች አንዱ ይገኛል፤ ሰዎች ከታች እስከ ላይ በደረጃ ተሰልፈው የውኃውን መቅጃ እየተቀባበሉ በዜማ ያወጣሉ። ያቤሎ ባለው የቦረና ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት፣ ባለጉድጓዶቹ ከፈቀዱ፣ ዜማውን ቀድቶና ትርጉሙን በሞያሌ ገበያ በሚሰሙት አራት ቋንቋዎች አስቀምጦ በቦታው መገኛ ላይ ሊያስረው ይችላል፤ እንግዳውም እዚያ ሲደርስ ስልኩ ያሰማዋል። ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ፣ ኔትወርክ በሚሳሳበት በዚያ መንገድ የሚያስፈልገው ካርታውንና ድምፁን ሞያሌ እያለ፣ ሳይነሣ በፊት፣ ስልኩ ላይ ጭኖ መሄድ ነው።