ሶናር ዓሣ ያላሳየው ለምንድን ነው? ስለ ትራንስዱሰር አገጣጠም ተረትና እውነታ

ዓሣ ጠቋሚ ሶናር የተገጠመለት ጀልባ ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ ወቀሳው በመሣሪያው ላይ ያርፋል፤ «አቅሙ ትንሽ ነው፣ ትልቁን መግዛት ነበር» ይባላል። ለጣና ግን ይህ ምክንያት አይሆንም። የሐይቁ አማካይ ጥልቀት 8 ሜትር፣ ጥልቁ ሥፍራ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ አነስተኛው መሣሪያም ወለሉን ያገኛል። ሌላው ሰበብ የውኃው መደፍረስ ነው። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ካለው የጉና ተራራ የሚነሱት ጉማራና ርብ በክረምት አፈር ተሸክመው ጣና ይገባሉ፤ ሆኖም ሶናር የሚሠራው በብርሃን ሳይሆን በድምፅ ነውና ዓይን የማያልፈውን ድፍርስ ውኃ እሱ ያልፈዋል። የሶናር ዋናው ጠላት አየር ነው።

ትራንስዱሰሩ፣ ማለትም የሶናሩ ድምፅ ላኪና ተቀባይ ክፍል፣ የሚልከው ሞገድ ከውኃ ወጥቶ አየር ሲነካ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ነጥሮ ይመለሳል። ቆሮሶና ነጭ ዓሣ በስክሪኑ ላይ ጎልተው የሚታዩት በሆዳቸው ባለው የአየር ከረጢት ምክንያት ነው። አምባዛ ግን ከረጢቱ ትንሽ ስለሆነና ወለሉን ተጠግቶ ስለሚውል በቀላሉ አይለይም። ዓሣውን የሚያጋልጠው ይኸው አየር ከትራንስዱሰሩ ፊት ከተገኘ ሞገዱን ገና ከመነሻው ያስቀረዋል።

ስለዚህ «የትም ቢታሰር ያው ነው» የሚለው እምነት ከሁሉም የከፋ ነው። የደንገል ታንኳ የሚንሳፈፈው ደንገሉ አየር ስላዘለ ነው፤ ትራንስዱሰሩ ታንኳው ውስጥ ቢቀመጥ ድምፁ አያልፍም፤ በእንጨት ታስሮ ከጎን ውኃው ውስጥ መጥለቅ አለበት። «በጀልባው ውስጥ ተለጥፎ ሲሠራ አይተናል» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን ፋይበርግላሱ ድፍን ሲሆንና ማጣበቂያው አንዲት የአየር አረፋ ሳይዝ ሲደርቅ ብቻ ነው። በሞተር ጀልባ የሚመረጠው የኋላው ግድግዳ ነው፦ ከፕሮፔለሩ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ የትራንስዱሰሩ ፊት ከጀልባው ሆድ በጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ከፊቱ ውኃውን የሚያናውጥ ምስማርም ሆነ ሸንተረር ሳይኖር። የተበሳው ቀዳዳም ውኃ በማያስገባ ማሸጊያ ይደፈናል።

«ቆመን ስንሞክረው ደህና ይሠራል» የሚለው ማስተባበያም አያሳምንም። የቆመ ጀልባ አረፋ አይፈጥርም፤ የአገጣጠሙ ጉድለት የሚጋለጠው ጀልባው ሲፈጥን ነው። ሲሄድ ምስሉ የሚቆራረጥ ከሆነ አዲስ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ትራንስዱሰሩን ጥቂት ዝቅ አድርጎ ወይም ከፕሮፔለሩ አርቆ እንደገና መሞከር ይበጃል።

«ድምፁ ዓሣ ያባርራል» የሚለውም ለጣና ዓሦች አይሠራም፤ የተለመደው 200 ኪሎኸርዝ ከመስማት አቅማቸው እጅግ የራቀ ነው። ሶናር ግን ዓሣ አያበዛም። እንደ ጎርጎሮሳውያኑ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የጣና ነጭ ዓሣ ምርት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሷል፤ አንዱ ምክንያት በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች ሲወጣ በወንዞቹ አፍ ላይ በመረብ መጠመዱ ነው። ትራንስዱሰራችሁን በደንብ ግጠሙ፤ በነሐሴና በመስከረም ግን ከጉማራና ከርብ አፍ መረባችሁን አርቁ።