በሐሰት የተከሰሰው ዘላይ ሸረሪት

ፀሐይ የመታው ግንብ ለዝንብ ይመቻል፤ የዋጓ ሰቆጣ ደግሞ የድንጋይ ቤት አገር ናት። እንዲህ ባለ ግንብ ላይ ጥቂት ዓይኑን ያሳረፈ ሰው፣ ርዝመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ጠጉራም ሸረሪት ወደ ዝንቧ ቀስ እያለ ሲጠጋ፣ ድንገትም ተስፈንጥሮ ሲይዛት ሊያይ ይችላል። ስምንት እግርና ስምንት ዓይን አለው፤ ድር ዘርግቶ ሳይሆን ቀን ለቀን እየዞረ ያድናል። ከ6000 በላይ ዝርያ ያለው የዘላይ ሸረሪቶች ቤተሰብ አባል ነው። ግራጫና ጠፍጣፋ ሆኖ ግንብ ላይ ከተገኘ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ሜኔሜሩስ ቢቪታተስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1831 በሳይንስ የተመዘገበ፣ በአፍሪካም ሆነ በሌሎች ሞቃት አገሮች የሰው ቤት ግድግዳ የለመደ ዝርያ። ወንዱ በሆዱ ጀርባ መካከል ጠቆር ያለ መስመር አለው፤ የሴቷ መካከል ፈካ ብሎ ጥቁረቱ በሁለቱ ጎኖች ይወርዳል። ፎቶ አንስቶ ብቻ ዝርያውን አወቅሁት ማለት ግን ችኮላ ነው። የሚመሳሰሉ ብዙ ስለሆኑ፣ ባለሙያዎች የሚለዩት የመራቢያ አካሉን በማይክሮስኮፕ መርምረው ነው።

ሰው ይህን ሸረሪት የሚፈራው በአብዛኛው በአተያዩ ነው። ነፍሳት ሲጠጓቸው ይሸሻሉ፤ እሱ ግን ዞሮ ፊት ለፊት ያፈጣል። ይህ ጠብ መፈለግ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን የዓይኑ አሠራር ነው። በጎንና በኋላ ያሉት ዓይኖቹ እንቅስቃሴን ከመጠቆም ብዙም አያልፉም፤ ነገሩ ምን እንደሆነ አጥርተው የሚለዩት ከፊት ያሉት ሁለት ትላልቆች ብቻ ናቸው። እነሱም እንደ አቅራቢ መነጽር ረዘም ያሉ ቱቦዎች ስለሆኑ የሚያሳዩት ጠባብ ስፍራ ነው፤ ስለዚህ ለማየት መዞር ግድ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የጃፓን ተመራማሪዎች ሃሳሪየስ አዳንሶኒ በተባለው ዘመዱ ላይ ያደረጉት ሙከራ ይህ ዓይን ምን ያህል የረቀቀ እንደሆነ አሳይቷል። ሬቲናው በንብርብር የተሠራ በመሆኑ፣ ሸረሪቱ የሚያድነውን ርቀት የሚለካው በአንዱ ንብርብር ላይ ምስሉ ምን ያህል እንደደበዘዘ አይቶ ነው። በአረንጓዴ ብርሃን አስተካክሎ ሲዘል፣ በቀይ ብርሃን ግን ርቀቱን አሳንሶ ገምቶ ከታዳኙ በፊት ወደቀ። ፊቱን አዙሮ የሚመለከተን እንግዲህ ሊነክሰን አይደለም፤ ምን እንደሆንን እየመረመረ ነው።

ከሁሉ የከፋው ክስ ግን በአገራችን «ሸረሪት ሸናብኝ» የሚባለው ነው። ጠዋት ሲነሱ አንገት ወይም ክንድ ላይ ቆዳው ቀልቶ፣ ውኃ ቋጥሮ ሲያቃጥል፣ ግድግዳው ላይ የተገኘው ሸረሪት ጥፋተኛ ይሆናል። ክሱ በብዙ በኩል አይቆምም። ሸረሪት ውኃ ቆጣቢ ፍጥረት ነው፤ ቆሻሻውን በዋነኛነት የሚያስወግደው ጓኒን በተባለ፣ ውኃ ውስጥ በቀላሉ በማይሟሟ ነጭ ንጥረ ነገር ነው። ጓኒን የዓሣን ቅርፊት የሚያብለጨልጨው ነው፤ በእያንዳንዳችን ዲኤንኤ ውስጥም አለ፤ ቆዳ አይልጥም። ዘላዩ ሸረሪት ደግሞ ተጨማሪ መከላከያ አለው፦ አዳኝነቱ በዓይኑ ስለሆነ ሌሊቱን የሚያሳልፈው ስንጥቅ ውስጥ በሠራት የሐር ማደሪያ ነው። «ሸረሪቱን እዚያው አግኝቼዋለሁ እኮ» የሚል መልስ ይመጣል። ሸረሪት የማይገኝበት ቤት ግን የለም፤ ቆዳው በቆሰለ ቀን የተፈለገ ሸረሪት ቆዳው ባልቆሰለባቸው ቀናትም እዚያው ነበረ።

እውነተኞቹ ጥፋተኞች የታወቁ ናቸው። አንደኛዋ ጉንዳን የምትመስል፣ ብርቱካናማና ጥቁር ቀለም የተፈራረቀባት፣ ከዝናብ በኋላ የምትበዛና ማታ ወደ መብራት የምትመጣ ትንሽ ጥንዚዛ ናት፤ በሳይንስ ስሟ ፔዴረስ ትባላለች። አትነክስም፤ ቆዳ ላይ ስትጨፈለቅ ግን በደሟ ውስጥ ያለው ፔደሪን ያቃጥላል። ቁስሉ የሚወጣው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ጥንዚዛዋን የሚያስታውሳት የለም። ጣት የጎተተውን ተከትሎ መስመር መሥራቱ፣ ክርን በሚታጠፍበት ቦታም ሁለቱ ቆዳዎች በተነካኩበት ጥንድ ሆኖ መውጣቱ የእሷ ምልክት ነው። ስታርፍብን እፍ ብሎ ማባረር፣ ከጨፈለቅናት ወዲያው በሳሙና መታጠብ ይበጃል። ሁለተኛው አልማዝ ባለ ጭራ ነው፤ በልጅነት ጉድፍ ያስያዘው ቫይረስ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሲቀሰቀስ የሚወጣ፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚጋደምና ከባድ ሕመም ያለው ሽፍታ። የሸረሪቱ ተረት እዚህ ላይ ጉዳት ያደርሳል። መድኃኒቱ በይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው፤ ሽፍታው ወደ ዓይን ከቀረበ ማየትን ያሰጋል፤ በወጣት ላይ ሲወጣም የሰውነት መከላከያ መዳከም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ይጠይቃል። ሸረሪት ነው ብሎ ቅጠል እየቀባ የሚከርም ሰው እነዚህ ቀናት ያመልጡታል።

መርዝ የለውም ወይ ለሚል፣ አለው፤ ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ሸረሪት መርዝ አለው። የዚህኛው ግን ለዝንብ የተመጠነ ነው፤ በእጅ ካልጨበጡት በቀር ሰው አይነክስም፤ ቢነክስም ሕመሙ ቀላል ነው። በማር የታወቀው የዋግ ንብ አናቢ ሸረሪትን ቢጠላ እውነት አለው፤ ንብ የሚጎዱት ግን በዋናነት ቀፎ አጠገብ ድር የሚያደሩና አበባ ላይ የሚያደቡ ሌሎች ዓይነቶች ናቸው። የጣራ ጥግ ያጠቆረው ድርም የእሱ ሥራ አይደለም፤ እሱ ሐር የሚፈትለው ለማደሪያው፣ ለእንቁላሉና ሲዘል ለሚይዘው የደኅንነት ክር ነው። እንዲያውም የሚበላው ዝንብን ነው፤ ትራኮማ ለረጅም ጊዜ ባስቸገረው በዚህ አካባቢ ዓይን ላይ የሚያርፍ ዝንብ ቀላል ነገር አይደለም። ሸረሪቱ ትራኮማን ያጠፋል ማለት ውሸት ይሆናል፤ ያ የፊት ንጽሕና፣ የመጸዳጃ ቤትና የሕክምና ሥራ ነው። ሆኖም በየግድግዳው ፍሊት የሚነፋ ሰው ዝንብ የሚበላለትን ከዝንቡ ጋር አብሮ እየገደለ ነው፤ ዝንቡ ደግሞ በቶሎ ተራብቶ ይመለሳል። ሸረሪቱን ቤቱ ውስጥ የማይፈልግ ሰው ብርጭቆ ደፍቶበት፣ ከሥሩ ወረቀት አስገብቶ፣ ፀሐይ ባለው የውጭ ግንብ ላይ ሊለቀው ይችላል።