ቡችላው ጠባቂ እንጂ ጠንቅ አይሁንብን

እኛ የደጋ ሰዎች ያለ ውሻ ማደር አንወድም። በወገል ጤና ዙሪያ፣ በደላንታ ሜዳ፣ እስከ ላስታ ተራሮች ድረስ ውሻ የሌለበት ደጅ ጥቂት ነው። ሌሊት ጅብ ወደ በግ ጉረኖ ሲጠጋ የሚጮኸው ውሻ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደል ወጥቶ ገብሱ ላይ ሲሰፍር የሚያባርረው ውሻ ነው። ሌባ ሲመጣም ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባል የለ?

ነገር ግን ያው ውሻ ልጅ ሊነክስ ይችላል። በጎችን ሊያስታምም ይችላል። ከሁሉም የከፋውን የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቤት ሊያስገባ ይችላል።

ታዲያ ጠባቂ የሚሆነው ውሻና ጠንቅ የሚሆነው ውሻ በምን ይለያሉ? አብዛኛው ልዩነት የሚመጣው ከመጀመሪያው ዓመት አስተዳደግ ነው። ይህም ማለት ነገሩ በእጃችን ነው ማለት ነው። ስለዚህ ቡችላ ሲያድግ የሚያጋጥሙትን ችግሮች አንድ በአንድ እንይ።

ከእናቱ መቼ ይለይ?

ቡችላ ሲወለድ ዓይኑ የተዘጋ ነው። ዓይኑን የሚገልጠው ሁለት ሳምንት ሲጠጋው ነው። ገና አንድ ወር ሳይሞላው ከእናቱ የሚነጠል ቡችላ ይጎዳል። የእናቱ ወተት ምግቡም መድኃኒቱም ነው። ደግሞም ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት አንድ ትልቅ ትምህርት ይማራል። አጥብቆ ሲነክስ ሌላው ይጮኻል፣ ጨዋታውም ይቆማል። በዚህ ዓይነት ጥርሱን መቆጣጠር ይለምዳል። ይህን ሳይማር የመጣ ቡችላ የልጆችን እጅ እየነከሰ ያስቸግራል።

ስለዚህ ሁለት ወር ገደማ ከእናቱ ጋር ይቆይ።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች

አዲስ ቡችላ ሲመጣ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል። ቤተሰቡም እንቅልፍ ያጣል። ቡችላው የሚያለቅሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። እናቱን አጥቶ ነው፤ ብርዱም አለ። የደጋ ውርጭ ለትልቅ ሰውም አይመች፣ እንኳን ለቡችላ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ነፋስ በማይገባበት ጥግ ገለባ እናነጥፍለት። እናቱ የተኛችበትን ቁራጭ ጨርቅ አብረን ብናመጣ ሽታዋ ያረጋጋዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ይለምዳል። መደብደብ ግን ፍርሃቱን ያብሳል እንጂ ዝም አያሰኘውም።

ምን ይብላ?

ትንሽ ቡችላ ሆዱም ትንሽ ነው። በቀን አንዴ ብዙ ከመስጠት በቀን ሦስት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይሻላል። ስድስት ወር ሲሞላው በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። እንጀራ በአሬራ ወይም በአጓት ተፈትፍቶ፣ የባቄላ ንፍሮ ተፈጭቶ፣ የበሰለ የሥጋ ትርፍራፊ ሲገኝም ተጨምሮ ይስማማዋል። ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ በራሱ ገል ይቀመጥለት። የሰው ዕቃና የውሻ ዕቃ አይቀላቀል።

የማይሰጠውም አለ። በርበሬና ሽንኩርት የበዛበት ወጥ አይስማማውም። ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። የጠላ አተላም ለቡችላ መርዝ ነው፤ በአተላው ውስጥ ያለው አልኮል ያሰክረዋል፣ ሊገድለውም ይችላል።

ጫማ ሲበላ፣ ዶሮ ሲያባርር

ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ቡችላ የወተት ጥርሱን ይቀይራል። ድዱን ያሳክከዋል። ስለዚህ ጫማም ይሁን፣ ጠፍርም ይሁን፣ የሞፈር ማሰሪያም ይሁን ያገኘውን ያኝካል። ዕቃችንን ከፍ አድርገን እንስቀል። ለእሱ ደግሞ የሚያኝከው የተቋጠረ ወፍራም ጨርቅ እንስጠው።

ቡችላ ቃል ይማራል። «ና!» እና «ተው!» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንምረጥ። የቤቱ ሰው ሁሉ እነዚህኑ ቃላት ይጠቀም። አባት አንድ፣ ልጅ ሌላ ቃል ከተናገሩ ቡችላው ይደናገራል። ሲታዘዝ ወዲያው ቁራሽ እንስጠው። ዶሮ ሲያባርር ያኔውኑ «ተው!» ብለን እንያዘው። ጠዋት ላጠፋው ጥፋት ማታ ቢመታ አይገባውም። የሚገባው ነገር ቢኖር ሰው እንደሚመታ ብቻ ነው።

«ተርቦና ተደብድቦ ያደገ ውሻ ጎበዝ ጠባቂ ይሆናል» የሚሉ አሉ። ኃይለኛ እንዲሆን ብለው ጆሮውን የሚቆርጡም አሉ። ይህ ጎጂ ልማድ ነው። በፍርሃት ያደገ ውሻ ሌባን ከልጅ አይለይም። በደንብ የሚጠብቀው ቤቱን የወደደና ቤተሰቡን ያወቀ ውሻ ነው። በግ እንዲጠብቅ የምንፈልገው ቡችላም ከትንሽነቱ ጀምሮ በበጎች አጠገብ ይደግ። ከበግ ጋር ያደገ ውሻ በግን እንደ ዘመዱ ያያል።

ማሰሪያውም ይታሰብበት። ቡችላ በፍጥነት ያድጋል፣ አንገቱም ይወፍራል። ሳይላላ የቆየ ገመድ ሥጋው ውስጥ ይገባል። በገመዱና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። በየሳምንቱ እንመልከተው።

አዙሪት ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። በግ አርቢ ሁሉ አዙሪትን ያውቃል። በጉ አንገቱን ያጋድላል፣ በአንድ በኩል ይዞራል፣ ከመንጋው ይለያል፣ ገደል ይገባል። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳይሞት ብሎ ያርደዋል። የራስ ቅሉ ይፈለጥና ለውሻው ይጣላል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

የታመመው በግ ጭንቅላት ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አለ። በከረጢቱ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እያንዳንዱ ነጠብጣብ የትል ራስ ነው። ውሻው ያንን ሲበላ ትሎቹ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋሉ። ኮሶን የሚመስሉ ረጅም ትሎች ይሆናሉ። ከዚያ እንቁላላቸው ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ግጦሽ ላይ ይወድቃል። በጎችና ግልገሎች ከሣሩ ጋር ይበሉታል። ከወራት በኋላ ሌላ በግ መዞር ይጀምራል። ስለዚህ አዙሪት እርግማን አይደለም። በበግና በውሻ መካከል የሚመላለስ ትል ነው።

በጉበትና በሳንባ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢትም እንዲሁ ነው። ጥሬውን የበላ ውሻ ሌላ ዓይነት ትንሽ ትል ይይዘዋል። የዚህ ትል እንቁላል በእጅ በኩል ወደ ሰው አፍ ከገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ከረጢት ያበቅላል። ቡችላ አቅፎ ሳይታጠብ የሚበላ ልጅ ለዚህ ይጋለጣል።

መንገዱን መዝጋት ይቻላል። የታመመ በግ የራስ ቅልና ከረጢት ያለበት ጉበት ወይም ሳንባ ይቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ለውሻ የሚሰጥ የሆድ ዕቃ በደንብ ይቀቀል። ለቡችላው ከእንስሳት ጤና ባለሙያ የትል መድኃኒት እናሰጠው፣ ባለሙያው ባለው ጊዜም እናስደግመው። ልጆች ከውሻ ጋር ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ ይታጠቡ።

የእብድ ውሻ በሽታ

ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ሆኖም ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ፈጽሞ መከላከል ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። በሽታውን ለሰው የሚያስተላልፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። አብደዋል ተብለው በሚጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት 10 ሰዎች አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በእኛም አገር በግ የሚጠብቁት፣ ቡችላ የሚያቅፉት ልጆች አይደሉም እንዴ?

ያበደ ውሻ ጠባዩ ይለወጣል። ፈሪው ይደፍራል፣ ለማዳው ይደበቃል። ድምፁ ይጎረናል። ለሃጩ ይዝረበረባል። እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል። አንዳንዱ ግን ዝም ብሎ ይተኛል፤ መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ እግሩ ይተሳሰራል። ይህን ሲያዩ «አጥንት ሰንቅሮት ነው» ብሎ እጅን ወደ አፉ መክተት አደገኛ ነው። ቡችላም ያብዳል። ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅ።

ሰው ቢነከስ ወይም ቢቧጨር እንዲህ እናድርግ፦

1. ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እንጠበው።
2. ቅጠል፣ አመድ ወይም ቅቤ አንጨምርበት።
3. በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ክትባቱ እዚያ ከሌለ ወደሚገኝበት ሆስፒታል ይልኩናል።
4. መርፌው በአንድ ቀን አያልቅም። ቁስሉ ቢድንም በቀጠሮው ቀን ሁሉ እንመለስ።
5. ውሻው ጤነኛ ቢመስል አስረን 10 ቀን እንጠብቀው። የሰውየው ሕክምና ግን እስከዚያ ድረስ አይዘግይ።

ጠበል መጠመቅን ማንም አይከለክልም። የአገር መድኃኒት የሚያምንም አለ። ነገር ግን መርፌው ይቅደም። በሽታው በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይቆያል። ሰውየው «ድኛለሁ» ብሎ እርሻውን ሲያርስ በሽታው ወደ አንጎል እየሄደ ነው።

አንድ ነገር እናስምርበት። ልጅ እንዳይቆጡት ፈርቶ ንክሻውን ሊደብቅ ይችላል። የተደበቀች ትንሽ ጭረት ልጁን ልትገድለው ትችላለች። ስለዚህ ልጆቻችን «ውሻ ነከሰኝ» ሲሉ አንቆጣቸው። አስቀድመንም «ብትነከሱ ቶሎ ንገሩን» እንበላቸው።

ክትባቱ እንዴት ተጀመረ?

በ1877 ዓ.ም. ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ባበደ ውሻ ተነከሰ። እናቱ ሉዊ ፓስተር ወደሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ወሰደችው። ፓስተር በእንስሳት ላይ የሞከረውን ክትባት በልጁ ላይ ጀመረ። መርፌው በተከታታይ ቀናት ተሰጠው። ልጁ ዳነ፣ አድጎም ትልቅ ሰው ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ ፓስተር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚሁ ሊቅ ስም ከተቋቋመው ተቋም ነው።

ዛሬ ሰው ከመነከሱ በፊት ውሻውን መከተብ ይቻላል። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል። ከአንድ ዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያም ባለሙያው በሚነግረን ጊዜ ይቀጥላል።

አንድ ሰው ውሻውን ብቻውን ቢያስከትብ ግን አይበቃም። የሁሉም ውሾች በገበያ መንገድ፣ በግጦሽ፣ በየደጁ ይገናኛሉ። በአንድ ቀበሌ ካሉት 100 ውሾች 70ዎቹ ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ይህ የአንድ ቤት ሥራ አይደለም፣ የመንደር ሥራ ነው። ሴት ቡችላን መንገድ ዳር መጣልም መፍትሔ አይሆንም። የተጣለችው አድጋ በዱር ትወልዳለች፣ የማይከተቡ ውሾችም ይበዛሉ።

ክትባቱ ለዱር አራዊትም ይጠቅማል። በላስታ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለም። በአገሪቱ ያሉት አዋቂዎቹ 500 እንኳ አይሞሉም። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከውሾች የተላለፈ እብደት በአንድ ሸለቆ የነበሩትን አብዛኞቹን ቀበሮዎች ፈጀ። ቀይ ቀበሮ በብዛት የሚበላው አይጥና ፍልፈል ነው። ስለዚህ ውሻችን ወደ ተራራው እየሄደ በሽታ እንዳያደርስበት እንከልክለው።

እንጻፈው

ማንበብና መጻፍ ከቻልን ቀኑን በቃል መያዝ የለብንም። ከደብተር አንድ ገጽ ወስደን እንዲህ እንጻፍ፦

የውሻው ስም፦ አንበሳ
የተወለደበት፦ መስከረም አጋማሽ
የትል መድኃኒት የወሰደበት፦ ኅዳር 5
የተከተበበት፦ ታኅሣሥ 20
ክትባቱ የሚደገምበት፦ የሚመጣው ዓመት ታኅሣሥ

ይህችን ወረቀት ከባለሙያው የክትባት ካርድ ጋር እናስቀምጣት። ልጅ ቢነከስ ውሻው መቼ እንደተከተበ ሐኪሙ ይጠይቃልና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመንደራችን ስንት ውሾች አሉ? ከእነሱ ስንቱ ተከትበዋል?
2. በአዙሪት የታመመ በግ ሲታረድ የራስ ቅሉ የት ይጣላል?
3. ልጅ በውሻ ቢነከስ በመጀመሪያ ምን እናደርጋለን? ቁጥሩን ተከትለን እንናገር።
4. የእንስሳት ጤና ባለሙያው ወደ ቀበሌያችን መጥቶ ሁሉንም ውሾች በአንድ ቀን እንዲከትብ ማን ይጠይቅልን? ጥያቄውን በጽሑፍ አብረን እናዘጋጅ።