የኦሪኖኮ ዶልፊንና የካሪፔ ወፍ

በደቡብ አሜሪካ፣ በቬኔዙዌላ ምድር፣ የኦሪኖኮ ወንዝ ደለሉን ተሸክሞ በሚወርድበት ቆላ ቆዳው ወደ ሮዝ የሚያደላ ዶልፊን ይኖራል፤ ከዚያው አገር በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በካሪፔ ተራሮች ዋሻ ውስጥ ደግሞ «ጓቻሮ» የተባለው ወፍ መዓልቱን በጽልመት ውሎ ሌሊቱን ፍሬ ፍለጋ ይወጣል። አንዱ ከአጥቢ እንስሳት፣ ሌላው ከአዕዋፍ ወገን ሲሆኑ፣ ዓይን በማይረዳበት ስፍራ ሁለቱም የገዛ ድምፃቸውን እየላኩ፣ የሚመለሰውን የገደል ማሚቶ እያዳመጡ መንገዳቸውን ይለያሉ።

ወፉን ለሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ያስተዋወቀው ጀርመናዊው አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1799 ዓ.ም. ችቦ ይዞ ወደ ዋሻው በዘለቀ ጊዜ፣ የአገሩ ሰዎች ከወላጆቻቸው እስኪከብዱ ድረስ የሚሰቡትን ጫጩቶች እያወረዱ፣ ስባቸውን አቅልጠው ለምግብና ለመብራት የሚሆን ዘይት ያወጡ ነበር። የድምፁ ምሥጢር ግን እስከ 1953 ድረስ ተሰውሮ ቆየ። በዚያ ዓመት አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ግሪፊን ወፎቹን በጨለማ ክፍል ቢለቃቸው ግድግዳውን ሳይነኩ ዞሩ፤ ጆሮአቸውን ቢደፍነው ከግድግዳው ተላተሙ፤ ጆሮአቸው እንደ ተደፈነ መብራት ቢያበራላቸው ደግሞ እንደ ገና በደኅና በረሩ።

እንግዲህ ጓቻሮ ዓይኑ ብርቱ ነው፤ የጨረቃና የከዋክብት ጭላንጭል ይበቃዋል፤ በድምፁ በእጅጉ የሚደገፈው ግን ብርሃን ጨርሶ በሌለበት በዋሻው ውስጥ ነው። ድምፁም የሰው ጆሮ የሚሰማው፣ ረዘም ያለ ሞገድ ያለው «ቅጭ ቅጭ» ስለ ሆነ፣ ቋጥኙን ያስታውቀዋል እንጂ ጥቃቅኑን ነገር አይለይለትም። ይህን እንደ ጉድለት ልንቆጥርበት አይገባም፤ የሚመገበው የዘንባባና የሌሎች ዛፎች ፍሬ ከቅርንጫፉ አይሸሽምና።

ዶልፊኑ ግን በድፍርስ ውኃ ውስጥ የሚሸሽ ዓሣ ያድናል። ስለዚህ ከሰው መስማት በላይ የሆነ ቀጭን ድምፅ ከአፍንጫው መተላለፊያ ያፈልቃል፤ በግንባሩ ያለው ስብ ድምፁን ሰብስቦ ወደ ፊት ይሰደዋል፤ የሚመለሰውንም በታችኛው መንጋጋው ተቀብሎ ወደ ጆሮው ያደርሰዋል። አጭር ሞገድ ከትንሽ ዓሣ ሳይቀር ነጥሮ ይመለሳል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ አንገቱ ነው፤ የብዙ ዶልፊኖች የአንገት አጥንት እርስ በርሱ የተያያዘ ሲሆን የእርሱ ስላልተያያዘ፣ በክረምት ወንዙ ሞልቶ ጫካውን ሲያጥለቀልቅ በግንዶች መካከል ራሱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዞረ ያን የድምፅ ጨረር ወደ ወደደው ያቀናዋል።