«ሞተ» የተባለ ባትሪ፦ ስለ ጀልባ ባትሪ ስያሜዎች

ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የፈለሰፈው የእርሳስና አሲድ ባትሪ በጀልባ ላይ በሁለት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው ሞተር የሚያስነሣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሞተሩ በቆመ ጊዜ ለመብራት፣ ለውሃ መሳቢያና ለሬዲዮ ኃይል ይሰጣል። እንግሊዞች ሁለተኛውን «ሌዠር ባትሪ» ይሉታል። ይህን «የመዝናኛ ባትሪ» ብሎ መተርጐም ግን ሥራውን አያስረዳም። የማስነሻው ባትሪ ብዙና ቀጫጭን ሰሌዳዎች ስላሉት ብርቱ ጅረት ለጥቂት ሰኮንድ ይሰጣል፤ የሌላው ሰሌዳዎች ወፍራም በመሆናቸው ኃይሉን ለብዙ ሰዓት ቀስ በቀስ ይለቃል። ስለዚህ «የማስነሻ ባትሪ» እና «የአገልግሎት ባትሪ» የሚሉት ጥንድ ስያሜዎች ቢለመዱ ይመረጣል።

ከዚህ የከበደው ችግር «ሞተ» የሚለው ቃል ነው። በተለምዶ ኃይል መስጠት ያቆመ ባትሪ ሁሉ «ሞተ» ይባላል። የጥገና መመሪያ የሚተረጕም ሰው ግን በዚህ ቃል ሥር ሦስት ልዩ ልዩ ሁኔታዎች መኖራቸውን ሊያስተውል ይገባል።

አንደኛው «የተሟጠጠ» ነው። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ በሰሌዳዎቹ ላይ ደቃቅ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል፤ አሲዱም ይቀጥናል። ባለ12 ቮልቱ ባትሪ ሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ገደማ፣ በግማሽ ሲጐድል ደግሞ 12.2 ቮልት ገደማ ያሳያል። የተሟጠጠ ባትሪ ሳይዘገይ ኃይል ቢሞላ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ሁለተኛው «የደነደነ» ነው። ባትሪው እንደ ተሟጠጠ ለሳምንታት ሲተው ደቃቁ ሰልፌት ወደ ትልልቅና ጠጣር ክሪስታል ይለወጣል። ምልክቱም ኃይል ከተሞላ በኋላ የአሲዱ እፍግታ ዝቅ እንዳለ መቅረቱ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት፣ በአነስተኛ ጅረት ለረጅም ሰዓት በመሙላት በከፊል ሊመለስ ይችላል። «ማደስ» የሚለው ቃል በተለይ ለዚህ ተግባር ቢወሰን መልካም ነው።

ሦስተኛው «የረገፈ» ነው። በሰሌዳው ላይ የተለሰነው ገባሪ ቁስ ተራግፎ ከሥር ይከማቻል። ይህን የትኛውም አሞላል አይመልሰውም፤ «ሞተ» ቢባልም የሚገባው ይኸው ብቻ ነው።

«መሙላት» የሚለው ግስም ጥንቃቄ ይሻል፤ ለኃይልም ለፈሳሽም ያገለግላልና። «ባትሪውን ሙላ» የሚል መመሪያ ለሁለት ትርጉም የተጋለጠ ነው። ስለዚህ «ኃይል መሙላት» እና «ውሃ መጨመር» ተብሎ ይለይ። ኃይል ሲሞላ የሚጐድለው ውሃው እንጂ አሲዱ ስላልሆነ፣ የሚጨመረው ተንኖ የተነጠረ ውሃ ነው። ሰሌዳዎቹ እስከ ተሸፈኑ ድረስ ውሃው ከኃይል መሙላት በኋላ ይጨመራል፤ አስቀድሞ አፍ እስከ አፍ ከተሞላ ፈሳሹ ከፍ ብሎ አሲድ ይፈስሳል። በዚሁ ጊዜ ተቀጣጣይ ሃይድሮጂን ስለሚወጣ የጀልባው ክፍል አየር ሊገባበት ይገባል።

እነዚህ ስያሜዎች ካልተለያዩ አንባቢው የሚድነውን ባትሪ ይጥላል፣ ወይም የማይድነውን ሲሞላ ይውላል።